አራት ብዬ የቆጠርኩት ቤት

የተያዝኩት ሐረር፣ ኤረር በር ላይ ማንጎ ስመርጥ ነው። መራጭ ነኝ፤ ሻጮቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። አንዱን አንስቼ «ይኼ ደግሞ መቼ የተለቀመ ነው?» እያልኩ ስነጫነጭ ከኋላዬ አንዲት አሮጊት «ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ» አሉ። ዞር ስል ግንቡን ተደግፈው ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ሞራ ለብሰዋል። አጠገባቸው አንዲት ወጣት ሴት ቲማቲም ታስመዝናለች።

«አንተ ቆጣሪው አይደለህም?» አሉኝ።

ወጣቷ አፍራ ፈገግ አለች። «ይቅርታ አባቴ፣ የመብራት ቆጣሪ የሚያነቡ መስለዋት ነው። አያቴ ናት፤ አንዳንዴ እንዲህ ይቀላቀልባታል።»

«የመብራት አልወጣኝም» አሉ አሮጊቷ። «ሰው ቆጣሪው። በእርሳስ የሚጽፈው፣ አንገተ ረጅሙ።»

አንገተ ረጅሙ እኔ ነኝ። ከጎጃም ሐረር በአስተማሪነት ተመድቤ ስመጣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከአንገቴ በቀር የረባ ነገር አልነበረኝም። በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እኛን መምህራንን ሕዝብ ቁጠሩ ብለው አሰማሩን። ለእኔ የደረሰኝ ከኤረር በር ወጥቶ ቁልቁል የሚወርደው የእርሻ አገር ነበር። ጠመኔና እርሳስ፣ ቅጽ የተለጠፈበት ጣውላ ይዤ በየደጃፉ ቁጥር እየጻፍኩ ዞርኩ። የቤቶቹ ቁጥር ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፍቷል። የአንዱ ቤት ብቻ አልጠፋም፤ ማንጎው እጄ ላይ እንዳለ የትኛው ቤት እንደሆነ ገባኝ።

«ልጄን ቆጥረኸዋል» አሉኝ አሮጊቷ። «ንገራት። ወንድ ልጅ ነበራት በላት።»

ወደ ወጣቷ ዞሬ «አዎ፣ ነበራቸው። በዓይኔ አይቼዋለሁ» አልኳት።

«አላህ ይስጥልኝ» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ደስ እንዲላት ሁሉም ሰው እንዲሁ ይላታል።»

ደሜ ፈላ። አርባ ዓመት ያህል ስዋሽ የኖርኩ ይመስል እውነት በተናገርኩባት በአንዷ ቀን ማን ይመነኝ! ማንጎውን አስቀምጬ ዘንቢላቸውን ተሸከምኩና እስከ ቤታቸው ሸኘኋቸው። ቤቱ ከበሩ ብዙም አይርቅም፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መተላለፊያ ገብቶ በስተግራ ነው። ልጅቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ በር አጠገብ ተቀምጧል። አያቷን ከፍ ያለው መደብ ላይ ደግፋ አወጣቻቸውና ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ጨዋታችንን ላለመስማት ይመስለኛል፣ ፔዳሉን ከሚያስፈልገው በላይ ትረግጠው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሮጊቷ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ወልደዋል። ታናሺቱ ሴት በልጅነቷ ሞተች። ትልቋ የዚህች የልብስ ሰፊዋ እናት ናት፤ እሷም ካረፈች ቆይታለች። ወንዱን ለውትድርና ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ባል ሞቱ፤ እርሻው ሌላ ሰው እጅ ገባ። የዚያን ጊዜዎቹ ጎረቤቶች ወይ ሞተዋል ወይ ተበትነዋል። ፎቶ የለም። ዛሬ ያ ልጅ በዚህ ዓለም ላይ እንደነበረ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ አንደኛዋ እየረሱ ነው።

ልጅቷ ክፉ ሆና አይደለም። አያቷ ጠዋት ላሟ አልታለበችም ብለው ይነሳሉ፤ ላም ከሞተች ስንት ዘመኗ ነው። ልጅቷን በእናቷ ስም ይጠራሉ። ስለዚህ አንድ ቀን ድንገት ወንድ ልጅ ነበረኝ ቢሉ ከላሚቱ ጋር ደመረችው። «እናቴ አንድም ቀን ወንድም ነበረኝ ብላ አታውቅም» አለችኝ በሩ ጋ ስትሸኘኝ። «ሰው ወንድሙን ይደብቃል መምህር?»

ይደብቃል። እንዴት እንደሚደብቅ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያን ዕለት ግን እንዴት ብዬ ልንገራት? ነገ ትሰማለች ብዬ ወጣሁ፤ ነገ ደግሞ ሄጄ አልነገርኳትም።

በማግስቱ ስመለስ አሮጊቷ ጠብቀውኝ ኖሯል። አንድ ክርክር አላቸው፤ ከሁሉ ሲጠፋባቸው እሱ አልጠፋም። «ሦስት ሆነው መጡ» ይላሉ። «ደጃፌ ላይ ቆሙ። ስሙን ከወረቀት ላይ አንብበው ጠሩት። ልጅ ባይኖረኝ ማንን ጠሩ? ስም ባይኖረው በምን ጠሩት?» ይህን ለልጅቷ ሺህ ጊዜ ብለዋታል። ልጅቷ ደግሞ «እሺ አያቴ» ትላለች። ያቺ «እሺ» ሰውን ከስድብ በላይ እንደምትገድል ያን ቀን አየሁ።

ልጅቷ ክር ልትገዛ ወጣ ስትል አሮጊቷ እጄን ፈልገው ያዙኝ። «እውነቱን ንገረኝ» አሉ። «አንዳንዴ እኔም እጠራጠራለሁ። ፊቱን ፈልጌ አጣዋለሁ። እውነት ወልጄው ነበር?»

እናት ስለ ልጇ እንዲህ ብላ ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። «ወልደውታል» አልኩ። «አረንጓዴ ሹራብ ነበረው። ሁለት ብርቱካን ሰጥቶኛል።» ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ግን እኔንም እንዳላመኑኝ ገባኝ፤ የእኔም ቃል ከ«እሺ አያቴ» ተራ ተሰልፏል።

«የጻፍክበት ወረቀት የት ሄደ?» አሉኝ። «ጽፈህ አልነበረም? እሱን አምጣላት። እሷ የተማረች ናት፤ ወረቀት ታምናለች። እኔም ስሙን ከወረቀት ሲጠሩት ልስማና ልሙት።»

ለምን እሺ እንዳልኩ ለራሴም አልገባኝም፤ ምክንያቱም ያን ልጅ አልጻፍኩትም።

ያኔ የሆነውን እንደሆነው ልናገር። ቤቱ የድንጋይ ነው፤ ማሽላ፣ ጥቂት ጫትና ብርቱካን ከበውታል። ባልየው ውሃ ሊያጠጡ ወርደዋል። አሮጊቷ ያኔ ቀጥ ያሉ፣ ቁጡ ሴት ነበሩ። ወተት ሰጡኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። እኔ ወጣትና ቅጽ አምላኪ ነኝ፤ «ትናንት እዚህ ቤት ማን ማን አደረ?» ብዬ ጀመርኩ። እንደዚያ ብለን እንድንጠይቅ አስተምረውን ነበር።

«አላህ ያሳደረው አደረ።»

«ልጆች ስንት ናቸው?»

«ልጅ ይቆጠራል እንዴ? የተቆጠረ ይጎድላል።»

እኔም አገር ከብት እንኳ ጮክ ተብሎ አይቆጠርም፤ ስለዚህ አልተቆጣሁም። ለልማት ነው፣ ትምህርት ቤት ለመሥራት ነው እያልኩ የተማርኩትን ሰበክሁ። በመጨረሻ «ሁለት ሴቶች» አሉ። ትልቋ አሥራ አንድ ይሆናታል፤ እናቷ ቀና ብለው ሲያዩአት ሳትጠየቅ «ወንድም የለኝም» አለች። በጓዳ ከተደረደረው የማሽላ ጆንያ ጀርባ ወዲያው አንድ ሰው ሳለ። የጎረምሳ ሳል ነበር።

ሁላችንም ሰማን። ልጅቷ እናቷን አየች። እናቷ ጉልበቴን በሁለት እጃቸው ያዙ። «በጠባኸው ጡት» አሉኝ። «አትጻፈው። የጻፍከው ቀን ይወስዱታል።» የአፈሳ ዘመን ነበር፤ ከገበያም ከመንገድም ወጣት ይታፈሳል። እኔ ራሴ መታወቂያዬን ደረት ኪሴ ይዤ ነበር የምሄደው። «ማርያምን፣ አልጽፈውም» አልኩ። ጻፍኩም፦ አባወራ፣ ሚስት፣ ሴት ልጅ፣ ሴት ልጅ። ድምር አራት። በሩ ላይ በጠመኔ ቁጥሩን አስቀምጬ ወጣሁ። ልጁ በማሽላው መሃል ዞሮ መንገድ ላይ ጠበቀኝ፤ አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል። ሁለት ብርቱካን ሰጥቶኝ ተመለሰ።

ልጁ መወሰዱን የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው። ቤታቸው ሄጄ አይዟችሁ አላልኩም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔም አምኜ ዝም አልኩ።

እንግዲህ የአሮጊቷ ትዝታ ይህችን ክፍል ለይታ ጥላታለች። ወተቱን ያስታውሳሉ፣ እርሳሴን ያስታውሳሉ፣ አንገቴን ያስታውሳሉ። ጉልበቴን መያዛቸውን ግን ረስተውታል። ቆጣሪ መጥቶ ከቆጠረ ልጄም አብሮ ተቆጥሯል ብለው አምነዋል። «እርስዎ ነዎት አትጻፍ ያሉኝ» ብዬ በምን አፌ ልበል?

ተስፋዬ አንድ ነበር፤ ስኳር። በዚያ ዘመን ስኳር በቤተሰብ ብዛት ይታደል ነበር። ለቆጠራ ልጁን የደበቀ ሁሉ ለስኳር ሲሆን የሞተውንም ያስመዘግብ ነበር። የስኳሩ መዝገብ ከተገኘ ልጁ አለበት ብዬ ተነሳሁ።

ከሸዋ በር በታች ባለች ቤቴና በቢሮዎቹ መካከል ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። አንዱ ቢሮ ደብዳቤ አምጣ ይላል፤ ደብዳቤ የሚጽፈው ቢሮ ለምን እንደፈለግህ ማስረጃ አምጣ ይላል፤ ማስረጃው ያለው መዝገቡ ውስጥ ነው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ኃላፊው ለሥልጠና ሄደዋል። ኃላፊው ተቀይረዋል። አንዲት ጸሐፊ «አባባ፣ ለርስት ክርክር ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም፣ አንድ ሰው መኖሩን ለማረጋገጥ ነው ስላት «የት ነው የሚኖረው?» አለች። የአንገቴን ርዝመት የወረሰ ትዕግሥት የለኝም፤ ሁለት ቀን ተሳድቤ ሁለት ቀን ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

በየምሽቱ ስመለስ አሮጊቷ ቤት ብቅ እላለሁ። «ተገኘ?» ይላሉ። «ቀርቧል» እላለሁ። ልጅቷ ከመኪናዋ ቀና ሳትል «መምህር፣ ባያደክሟት ይሻላል» አለችኝ አንድ ቀን። በዚያው ሰሞን ምግብ መቀበል ቀነሱ። ሁለት ጉርሻ ቀምሰው «ስሙን ልስማ» ይላሉ። ድምፃቸው ከቀን ወደ ቀን እያነሰ ሄደ፤ ቢሮዎቹ ግን አልቸኮሉም።

በመጨረሻ አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ አዘነልኝ። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጋዘን ከፍቶ አስገባኝ። የድሮው የገበሬዎች ማኅበር ወረቀት ከተሰበረ ወንበርና ከአሮጌ ጎማ ጋር በጆንያ ተከምሯል። ጠባቂው በር ላይ ተቀምጦ ጫቱን እየበጠሰ «የፈለግኸውን ፈልግ፤ ፎቶ ማንሳት ግን ክልክል ነው። መገልበጥ ትችላለህ» አለኝ። አራት ቀን ጆንያ ስፈታ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን የስኳሩ መዝገብ ተገኘ። ሽፋኑ አለ፤ «የስኳር እደላ» የሚለው ጽሑፍም በሽፋኑ ላይ አለ። ስከፍተው ምስጥ ውስጡን ጨርሶታል፤ ቀይ አፈር ጉልበቴ ላይ ፈሰሰ። ጎንበስ ብዬ አፈሩን በጣቴ ፈተሽኩት። ጠባቂው «ምን ጠፋብህ?» አለኝ። አለቀስኩ፤ ሽማግሌ ሰው በጆንያ መሃል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በአራተኛው ቀን የራሴን እጅ ጽሕፈት አገኘሁ። ለማኅበሩ የሰጠነው የቤቶች ዝርዝር ቅጂ ነበር። ያን ሰሞን በጽሕፈቴ እኮራ ነበር፤ ፊደሎቹ ዛሬም ቀጥ ብለው ቆመዋል። ቤቱን አገኘሁት። አባወራ፣ ሚስት፣ ሴት ልጅ፣ ሴት ልጅ። ድምር አራት። ምስጥ አንዲት ፊደል አልነካበትም።

ቃሌን ጠብቄ ነበር። ይህን አውቅ ነበር፤ ቢሆንም በዓይኔ ሳየው ያን ልጅ በገዛ እርሳሴ የቀበርኩት መሰለኝ። አልጻፍኩትም፤ ሳልጽፈውም ወሰዱት። የተረፈው የእኔ ጥንቃቄ ብቻ ነው።

ንጹሕ ወረቀት አወጣሁና መገልበጥ ጀመርኩ። አባወራ ብዬ ስማቸውን ጻፍኩ። ሚስት። ሴት ልጅ፣ አሥራ አንድ። ሴት ልጅ፣ አራት። እርሳሴ አልተነሣም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። አምስተኛ መስመር ጨመርኩ፦ ወንድ ልጅ፣ አሥራ ዘጠኝ፤ ከእናቱ የሰማሁትን ስሙንም አሳምሬ ጻፍኩት። ድምር አምስት። ጠባቂው ወረቀቱን ተቀብሎ ሳያነበው ወደ ቢሮ ወሰደው፤ ማህተም ተመትቶበት መጣ። በዕድሜዬ ሙሉ የተማሪ ኩረጃ ሳሳድድ የኖርኩ ሰውዬ አጥብቄ ይዤው ወጣሁ። እፎይታ ነበር የተሰማኝ፤ ይህን አልክድም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወረቀቱን ለልጅቷ ሰጠኋት። በመጀመሪያ ማህተሙን አየች። ከዚያ ጮክ ብላ አነበበች። አራተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ከሥሩ ሌላ መስመር አየች። አምስተኛውን አነበበች፤ ስሙን ጠራችው። መደቡ ላይ ወጥታ አያቷ እግር ላይ ተደፋች። «አፉ በይኝ» ብላ ይቅርታ ለመነች። «አፉ በይኝ አያቴ። አላመንኩሽም።»

«አልሃምዱሊላህ» አሉ። «ወልጄዋለሁ። አልሃምዱሊላህ።» ፊታቸው ያን ጊዜ እንዳየሁት ፊት ሆነ። ልጅቷ እንድትደግምላቸው ጠየቁ፤ ደገመች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ለራሴ ጥሩ ሠራህ አልኩ። ለሦስተኛ ጊዜ እንድታነብ ጠየቋት። በሦስተኛው ልጅቷ «ሴት ልጅ፣ አሥራ አንድ» ስትል እጃቸውን አነሱ።

«ወንድም የለኝም አለች» አሉ ቀስ ብለው። «እዚያ ቆማ ነበር፤ ወንድም የለኝም በይ ብዬ ገርፌ አስተምሬያት ነበር።»

ልጅቷ ቀና አለች። እኔ ከግድግዳው ተላቀቅሁ።

«ሳለ» አሉ። «አንተ ሰማህ። ጉልበትህን ያዝኩ። በጠባኸው ጡት አልኩህ።» ሞራ የለበሱ ዓይኖቻቸው እኔ ካለሁበት ትንሽ ራቅ ብለው ነበር የሚያዩት። «ማርያምን ብለህልኝ ነበር።»

«እማማ…»

«ጻፍከው።»

«አልጻፍኩትም።»

«ስሙን ከወረቀት ላይ አንብበው ጠሩት» አሉ። ሺህ ጊዜ ያሉትን ነው ያሉት፤ አሁን ግን ከልጅቷ ጋር አልተከራከሩበትም፤ ለእኔ ነው የነገሩኝ። «ማን ሰጣቸው ስል ኖሬያለሁ። ጎረቤቱን ጠረጠርኩ። የባሌን ወንድም ጠርጥሬ እስኪሞት አላናገርኩትም።»

ያኔ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ወረቀቱ ላይ አራት ብቻ እንደነበሩ፣ አምስተኛውን ትናንት በገዛ እጄ እንደጨመርኩ፣ መጋዘኑ ድረስ ሄደን መዝገቡን ማየት እንደሚቻል ተናገርኩ። ስናገር ድምፄ እንደ ሐሰተኛ ምስክር ተንቀጠቀጠ። ልጅቷ ማህተሙን አየች፤ እኔን አየች። «የቱ ነው እውነቱ?» አለች። «ልጁ ነበር ወይስ አልነበረም?»

«ነበር። ግን አልጻፍኩትም።»

«ይኼ ምንድን ነው ታዲያ?»

«የእኔ ውሸት ነው።»

ወረቀቱን እንደገና ገልብጣ አየችው። አሮጊቷም አላመኑኝም፤ በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም አላምንም። ሰው ሲያዝ የሚናገረው እንዲሁ ነው። እጃቸውን ዘረጉና ወረቀቱን ከልጅቷ ተቀበሉ። በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይመልሱልኝ እማማ» አልኩ። «ልቅደደው። ውሸት ነው፣ ቤትዎ አይደር።»

አራት አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት፤ ልብሳቸውን ከላይ አጠበቁበት።

«ያን ጊዜ አንተን አምኜ ተውኩት» አሉኝ። «ሁለተኛ አንተ እጅ ላይ አልተወውም።»